የመንዝ በግ ጠጉር፣ የደብረ ብርሃን ሠዓሊና የማይገናኙት ገበያዎች

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ወደ መሐል ሜዳ የሚሄድ ሰው በግ ሳያይ ብዙ አይጓዝም። የመንዝ በግ ቁመቱ አጭር፣ ላቱ የሰባ፣ ጠጉሩ የጎፈረ፣ ብርዱንና የግጦሽ እጥረቱን የለመደ ነው። ለበዓል ገበያ ሲቀርብ ገዢው ላቱን ይዳስሳል፣ ወገቡን ይጨብጣል፣ ጥርሱን ያያል። ስለ ጠጉሩ የሚጠይቅ የለም። በጉ ሲታረድ ጠጉሩ ከቆዳው ጋር ወደ ነጋዴ ይሄዳል። ተሸልቶ ለብቻው ሲሸጥም ለባለቤቱ የሚያስገኘው ገንዘብ የድካሙን ያህል አይደለም።

በዚሁ ዞን ሱቆች በረንዳ ላይ በላስቲክ ታስሮ የሚንጠለጠለው አሻንጉሊት ከቻይና የመጣ ፕላስቲክ ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ይህም ለብዙ ወላጅ የሚቀመስ አልሆነም።

ሦስተኛው ባለጉዳይ ሠዓሊው ነው። በየከተማው በስልክና በላፕቶፕ እየሣሉ ለልጆች መጽሐፍ፣ ለድርጅት ፖስተር፣ ለንግድ ምልክት በኮንትራት የሚሠሩ ወጣቶች አሉ። ክፍያው የአንድ ጊዜ ነው። መጽሐፉ አምስት ጊዜ ቢታተም ለሠዓሊው የሚጨመርለት ነገር የለም።

ጠጉሩ፣ ሠዓሊውና አሻንጉሊት የሚፈልገው ልጅ በአንድ ዞን ውስጥ ይኖራሉ፤ ግን አይገናኙም። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ሊገናኙ ይችላሉ የሚል ነው። የሚያገናኛቸው መሣሪያ ደግሞ አንድ መርፌ ነው።

በሌላው ዓለም የበግ ጠጉርን በመርፌ እየጠቀጠቁ ቅርጽ ማውጣት ራሱን የቻለ የእጅ ሙያ ከሆነ ቆይቷል። መርፌው የልብስ መርፌ አይደለም፤ የክር ቀዳዳ የለውም። ጠርዙ ላይ ወደታች የተቆረጡ ጥቃቅን ጥርሶች አሉት። መጀመሪያ የተሠራው ለፋብሪካ ነበር፤ በሺህ የሚቆጠሩ መርፌዎች የተተከሉበት ማሽን የተነደፈ ጠጉርን እየወጋ ያለ ሽመና ጨርቅ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ መርፌውን ከማሽኑ ነቅለው በእጃቸው የሞከሩ ሰዎች ሙያውን ጀመሩት።

አሠራሩ ቀላል ነው። የበግ ጠጉር በዓይን በማይታዩ ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው። መርፌው ሲገባ ጥርሶቹ ጠጉሩን ይዘው ወደ ውስጥ ይጎትታሉ፣ ቅርፊቶቹም እርስ በርስ ይቆላለፋሉ። አንድ እፍኝ ልል ጠጉር ብዙ ሺህ ጊዜ ሲወጋ ጠንካራ ኳስ ይሆናል። ኳሱ ራስ፣ ሌላው አካል፣ ቀጭኑ እግር ይሆናል። ስፌት የለም፣ ሙጫ የለም፣ ኤሌክትሪክ አያስፈልግም። መብራት ለሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አማርኛ ሁለቱን ሙያዎች ቀድሞ በአንድ ግሥ ጠርቷቸዋል። ጥጥና ጠጉር በደጋን ሲፍታታ ተነደፈ ይባላል። ሥዕል ወይም እቅድ በረቂቅ ሲወጣም ተነደፈ ይባላል። ንብ ስትወጋም ነደፈች ነው። ጠጉር የሚነድፍ፣ ምስል የሚነድፍና በመርፌ የሚነድፍ እጅ አንድ ሰው ዘንድ ቢገኝ ቋንቋው አይደነቅም።

የሰሜን ሸዋ ሰው ከጠጉር ጋር እንግዳ አይደለም። የመንዝ ሴቶች ጠጉር ሲፈትሉ፣ ሸማኔው ባና ሲሠራ ኖሯል። ከባድና ሻካራው ባና ደጋውን ብርድ የሚያስረሳ ልብስ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የብርድ ልብስ ፋብሪካ በንጉሡ ዘመን የተተከለውም የበጉ አገር ስለሆነ ነው። ችግሩ የመንዝ ጠጉር ሻካራ መሆኑ ነው። ለስላሳ ሹራብ ለሚፈልግ ገበያ አይመችም፣ ቆዳ ይበላል።

ይህን ለማስተካከል ብዙ ተሞክሯል። በደብረ ብርሃን አካባቢ ኮሪዴልና ሃምፕሻየርን የመሰሉ የውጭ ዝርያዎች መጥተው ከአገሬው በግ ጋር ተዳቅለዋል። ገበሬው ግን ላት የሌለውን ዲቃላ አልወደደውም። ገበያ ላይ የሚዳሰሰው ላት ነውና ፍርዱ ትክክል ነበር። በኋላ ከእስራኤል የመጣው አዋሲ የተሻለ ተቀባይነት ያገኘው ላት ስላለው ጭምር ነው። ከ2001 ጀምሮ ደግሞ በመንዝ ገበሬዎች ራሳቸው ከራሳቸው መንጋ ምርጥ አውራ እየለዩ የሚያራቡበት የማኅበረሰብ አቀፍ ዝርያ ማሻሻያ ተጀመረ። ከዚህ ሁሉ የሚወሰደው ትምህርት አንድ ነው፤ ባለቤቱ የሚፈልገውን ሳይጠይቁ የመጣ ማሻሻያ አይጸናም፣ ካለው የተነሳ ግን ይራመዳል።

ለመርፌ ሥራ ደግሞ ያለው ጠጉር ጥሩ ጠጉር ነው። ሻካራ ጠጉር ቶሎ ይያያዛል፣ ቶሎ ይጠነክራል፣ ቅርጹን ይይዛል። እጅግ ለስላሳው የሜሪኖ ጠጉር ለፊት ቆዳ ይመረጥ እንጂ አካል ለማውጣት አድካሚ ነው። ሠሪው ወፍራም ቁጥር 36 መርፌ ለአካሉ፣ ቀጭን ቁጥር 40 ለዓይንና ለአፍንጫው ይበቃዋል። ቀለሙም ከበጉ ላይ አለ፤ ጥቁር፣ ቡናማ፣ ነጭ፣ ግራጫ። ለሹራብ ጉድለት የነበረው ለአሻንጉሊት ብቃት ሆነ ማለት ነው።

የሚሠራውስ ምን ይሁን? የዝንጀሮ ልብስ የለበሰ የውጭ አገር ድብ እንደማይሆን ግልጽ ነው። ከደብረ ብርሃን ብዙም ሳይርቅ በገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳ ሣር ሲነጭ ይውላል፤ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት፣ ትከሻው ላይ ጎፈር። በመንዝ ጓሳ፣ ሕዝቡ በራሱ ደንብ ለ400 ዓመት ገደማ ጠብቆ ባቆየው ሣር ውስጥ፣ ቀይ ቀበሮ አይጥ ያድናል። አንኮበር ደግሞ በስሟ የምትጠራ፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማትገኝ ትንሽ ወፍ አላት። እ.ኤ.አ. በ1976 እስክትገኝ ድረስ ሳይንስ አያውቃትም ነበር። የሳህለ ሥላሴና የወጣቱ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የነበረችው ኮረብታ ለገጸ ባሕርይ የሚሆን ታሪክ አታጣም። ጎብኚ ወደ አንኮበር ሲወጣ ይዞ የሚመለሰው ነገር ግን ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ ሠዓሊው አስፈላጊ የሚሆንበት ምክንያት አለ። ጠጉር በመርፌ መውጋት በሳምንት ይለመዳል። ልጅ የሚወደውን ፊት ማውጣት ግን የሥዕል ዕውቀት ነው። የዓይኖቹ ርቀት፣ የጆሮው ዘንበል ማለት፣ ከኋላ ሲታይ የሚኖረው ቅርጽ ጭላዳውን ሰው ያደርገዋል፤ ከጠጉር ኳስ የሚለየውም ይህ ነው። ስም፣ ጠባይና ታሪክ ያለው አሻንጉሊት ከሌለው በእጥፍ የሚሸጠውም ለዚህ ነው።

ይህ ባዶ ምኞት አይደለም፤ ኢትዮጵያ ምሳሌ አላት። አባባ ተስፋዬ ለ42 ዓመታት በቴሌቪዥን ተረት ሲያወሩ ትውልድ አሳድገዋል፤ ሆኖም ከተረቶቹ ውስጥ አንድም ገጸ ባሕርይ አሻንጉሊት ሆኖ በየቤቱ አልገባም። "ፀሐይ መማር ትወዳለች" የተባለው የልጆች ዝግጅት በ1998 ገደማ ሲጀመር ደግሞ የስድስት ዓመቷ ቀጭኔ ፀሐይ ከካልሲ የተሠራች አሻንጉሊት ነበረች። መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ከቤታቸው የጀመሩት ሥራ ለዓለም አቀፍ ሽልማት በቅቷል። ስቱዲዮ፣ ሶፍትዌርና በጀት ኋላ የመጡ ናቸው። መጀመሪያ የነበረው በእጅ የሚያዝ ፊት ነው።

ሠዓሊው የራሱን ገጸ ባሕርይ ይዞ ከመነሳቱ በፊት ማወቅ ያለበት አንድ ሕግ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የታዘዘ ሥራ መጀመሪያ ባለቤት፣ በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ አዛዡ እንደሆነ ይደነግጋል። ስሙ እንዲጠቀስ የመጠየቅ የሞራል መብት ከሠዓሊው ጋር ይቀራል፤ የገንዘቡ መብት ግን ይሄዳል። ስለዚህ ለአንድ ድርጅት የልጆች መጽሐፍ በቃል ስምምነት ጭላዳ የሣለ ሰው ያንኑ ጭላዳ አሻንጉሊት አድርጎ ሲሸጥ የገዛ እጁ ሥራ ሊያስከስሰው ይችላል። ጥበቃው ሠዓሊው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት የሚቆይ ነውና ቀላል ነገር አይደለም።

መፍትሔው በውሉ ላይ የሚጨመር አንድ መስመር ነው፤ አዛዡ ምስሉን ለተጠቀሰው መጽሐፍ እንዲጠቀምበት፣ በገጸ ባሕርይው አሻንጉሊት፣ ልብስና ተንቀሳቃሽ ምስል የመሥራት መብት ግን በሠዓሊው እጅ እንዲቀር። አንዳንዱ አዛዥ ይከራከራል፤ ብዙው ግን ጉዳዩን አስቦት ስለማያውቅ ይፈርማል። ለልጆች መጽሐፍ የሚያሳትሙ መሥሪያ ቤቶችና የእርዳታ ድርጅቶችም መስመሩን ሳይጠየቁ ቢያስገቡት የሚያጡት ነገር የለም።

ለሠዓሊው ሁለተኛ እግር የሚያስፈልግበት ሌላም ምክንያት አለ። በአማራ ክልል ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጧል። ሥዕሉን በኢንተርኔት የሚልክ፣ ትዕዛዙንም በኢንተርኔት የሚቀበል ሠዓሊ በአንድ ሌሊት ሱቁ ተዘጋ። አንዳንዱ ፋይል ለመላክ ብቻ ወደ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ተገደደ፤ መንገዱም በሰላም ላይከፈት ይችላል። መርፌና ጠጉር መስመር ሲቋረጥ አይቆሙም። ገበያው ሲከፈት የሚሸጥ ክምችት ይጠብቃል።

ተቃውሞው የታወቀ ነው። ሰው በተፈናቀለበት፣ ደብረ ብርሃን ራሷ በሺህ የሚቆጠሩ ተፈናቃዮችን ባስጠለለችበት፣ ጤፍ ሰማይ በወጣበት ጊዜ ስለ አሻንጉሊት ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ሥራውን በልኩ በማየት ይገኛል። ይህ የሥራ አጥነት መድኃኒት አይደለም፣ ኢንዱስትሪ ፓርክን አይተካም። ለጥቂት መቶ እጆች ተጨማሪ ገቢ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ በላይ ተስፋ የሚሰጥ ሰው ሊታመን አይገባም።

ሒሳቡም በግልጽ ይቀመጥ። ለምሳሌ አንድ መዳፍ የሚሞላ ጭላዳ ስምንት ሰዓት ይፍጅ፣ በ1,600 ብር ይሸጥ። ሱቁ 30 በመቶ ሲወስድ 1,120 ብር ይቀራል። ለጠጉር፣ ለመርፌና ለማሸጊያ 160 ብር ሲቀነስ 960 ብር፣ ማለትም በሰዓት 120 ብር ነው። በ600 ብር የሚሸጥ ሰው ግን የሚቀረው 260 ብር፣ በሰዓት ወደ 32 ብር ነው። "የእጅ ሥራ ነው፣ ቀንስ" የሚለውን ገዢ ለማስደሰት ዋጋ የሚሰብር ሠሪ ራሱን ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱንም ያከስራል። ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የሚከፍለው ገዢ ጎብኚው፣ ዳያስፖራው፣ ስጦታ የሚፈልገው የአዲስ አበባ ሰው ነው። ለሰፈር ልጅ ደግሞ በአንድ ሰዓት የሚያልቅ ትንሽ በግ ሊሠራ ይችላል።

አደጋውም አይደበቅ። ያልታጠበ ጠጉር አባ ሰንጋን ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ስለዚህ ጠጉሩ ከጤነኛ በግ በቁሙ የተሸለተ እንጂ ሞቶ ከተገኘ እንስሳ የተነጨ መሆን የለበትም። በሙቅ ውኃና በሳሙና ሳይታሸትና ሳይታለብ መታጠብ አለበት፤ ካሹት እዚያው ይጠጥራል። በሚገባ ያልጸዳ ጠጉር ብል ይበላዋል። የመርፌ ስባሪ ውስጥ ቢቀር ልጅ ይወጋል፤ የተሰካ ዓይን ቢነቀል ያንቃል። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን እንዲህ ያለ አሻንጉሊት አይሰጥም። ይህን በመለያው ላይ የማይጽፍ ሠሪ አንድ ቀን ሙያውን ሁሉ ያሰድባል።

ታዲያ ማን ምን ያድርግ? የመጀመሪያው ሥራ ሥልጠና መሆን የለበትም። በዚህ አገር የሦስት ቀን ሥልጠና ተሰጥቶ፣ የምስክር ወረቀት ታድሎ፣ ፎቶ ተነስቶ የተረሳ ሙያ ብዙ ነው። መጀመሪያ የሚያስፈልገው የጠጉር ማጠቢያና መንደፊያ ነው፤ መሐል ሜዳ ወይም ሞላሌ ላይ፣ ንጹሕ ጠጉርን በቀለም ለይቶ በኪሎ የሚሸጥ አንድ ቦታ። የመፍተል ልምድ ያላቸው የመንዝ ሴቶች እዚህ ላይ ባለሙያ እንጂ ሠልጣኝ አይደሉም፤ ክፍያቸውም እንደ ባለሙያ ይሁን። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲና የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ስለ ጠጉር ያላቸውን ዕውቀት ከሥዕል ተማሪው ጋር በአንድ ጠረጴዛ ቢያስቀምጡ ብዙ በጀት አይጠይቅም። የባህልና ቱሪዝም ቢሮዎችም ለአንኮበርና ለጓሳ ጎብኚ የሚሸጥ አንድ መደርደሪያ መስጠት አያቅታቸውም።

ሠዓሊውም የራሱ ድርሻ አለው። ከሁሉ በፊት ገጸ ባሕርይውን በስሙ ይያዝ፣ ውሉን በጽሑፍ ያድርግ፣ ዋጋውን በሰዓት ያስላ። የእጅ ባለሙያን መናቅ በዚህ አገር ያረጀ በሽታ ነው፤ አፄ ምኒልክ ባለእጅን የሚሰድብ እንዲቀጣ ማወጃቸው የበሽታውን ጥልቀት ያሳያል። ዛሬ ስድቡ መልኩን ቀይሮ "ሥዕል እኮ ነው፣ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል?" ሆኗል። ለዚህ ስድብ አዋጅ አይጠበቅም፤ የተጻፈ ውልና የማይደራደሩበት ዋጋ ይበቁታል።

በመንዝ ዘንድሮም በግ ይሸለታል። ጠጉሩ በኪሎ የሚገዛው ካገኘ ባለበጉ በሚቀጥለው ዓመት በጥንቃቄ ይሸልታል፤ ካላገኘ እንደ ዘንድሮው ይጥለዋል።