ስለ ቤት አያያዝ፤ ዝም ብሎ ስለሚበላው የድምፅ ማጉያ

በቤታችን ካለው ሁሉ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ መብላቱን የማይተው የቱ ነው ብለን ብንጠይቅ፥ በቅሎዬ ናት የሚል አንባቢ አይጠፋም። በቅሎ ግን ነፍስ ያላት ስለ ሆነች አይፈረድባትም። ዛሬ የምንናገረው በተለምዶ አምፕሊፋየር ስለሚባለው የድምፅ ማጉያ ነው። ዘፈኑ ቆሞ፥ እንግዳው ተሰናብቶ፥ ሪሞቱ ተጭኖ «ጠፋ» ከተባለ በኋላ በፊቱ ላይ አንዲት ቀይ መብራት ትቀራለች። ያች መብራት ራስዋ የምትወስደው ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ከበስተኋላዋ ግን ያልተኛ ዕቃ መኖሩን ታመለክታለች።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰኔ ወር ወደ ጋይንት፥ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ ለጉዳይ ተጉዘን ነበር። በንፋስ መውጫና በመካነ ኢየሱስ ከተሞች የኤሌክትሪክ መስመር የገባ ስለ ሆነ ይህ ነገር ብዙም አይሰማም። ከወገዳ ርቆ በሚገኝ በአንድ የስማዳ ገጠር ያደርንበት ቤት ግን በፀሐይ ኃይል የሚተዳደር ነበር። በጣራው ላይ የ100 ዋት ሰሌዳ፥ በጓዳው 12 ቮልትና 100 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ፥ በእልፍኙ ደግሞ ባለቤቱ አሮጌውን ገዝተው ያመጡት የድምፅ ማጉያ ከሁለት ድምፅ ማውጫዎች ጋር ተቀምጦአል። ሴት ልጃቸው የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደርሶባት ማታ ማታ ታጠና ነበር።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን መብራቱ ደከመ፤ ጥቂት ቆይቶም ጠፋ። ልጅቱ መጽሐፍዋን እንደ ያዘች፥ «አባዬ፥ ቴፑን እኮ ዛሬ ማንም አልከፈተው፤ ባትሪውን ማን ጨረሰው?» አለች። አባትዋም ደመናውን አመካኙ። በእውነትም ጉና በደመና ከተሸፈነ ሰንብቶአል። ነገር ግን ልጅቱ የጠየቀችው ጥያቄ ከአባትዋ መልስ ይልቅ የቀረበ ነበር።

በማግሥቱ አብሮን የነበረው የኤሌክትሪክ ባለሙያ መለኪያውን አግብቶ ቢመለከት፥ ማጉያው «ጠፍቶ» ሳለ 8 ዋት ይወስዳል። የባትሪውን ኃይል ወደ 220 ቮልት የሚለውጠው ኢንቨርተር ደግሞ ነቅቶ ለመቆየት ብቻ ሌላ 8 ዋት ይፈልጋል። ሁለቱ በአንድነት 16 ዋት ናቸው፤ በ24 ሰዓት 384 ዋት ሰዓት ይሆናል። የባትሪው ሙሉ ይዞታ 1,200 ዋት ሰዓት ነው፤ እንዲህ ያለው የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሹ በላይ እንዳይወጣለት ስለሚመከር፥ ለቤቱ የሚቀረው 600 ነው። ሰሌዳውም በደመና ቀን የ3 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ያህል ብቻ ቢያገኝ የሚያስገባው ከ300 አይበልጥም። እንግዲህ አንድም ዘፈን ሳይሰማ፥ ወጪው ከገቢው በልጦ ሰንብቶአል ማለት ነው። ልጅቱ የምታጠናበት መብራት 5 ዋት ስለ ሆነ ለ4 ሰዓት የሚፈልገው 20 ዋት ሰዓት ብቻ ነበር። ዝምተኛው ዕቃ በአንድ ቀንና ሌሊት የ19 ምሽት ጥናት በልቶባታል።

ነገሩ የሚሆንበት ምክንያት ይህ ነው። በቀድሞዎቹ ማጉያዎች የፊቱ ማብሪያ ከግድግዳው የሚመጣውን ሽቦ ራሱን ይቈርጥ ስለ ነበር፥ የተዘጋው በእውነት ተዘግቶአል። ሪሞትና ብሉቱዝ ከመጡ ወዲህ ግን ዕቃው ጥሪ የሚጠብቅ ዘበኛ ሊኖረው ግድ ሆነ። ለዚሁ ዘበኛ ኃይል የሚሰጠው ትራንስፎርመር አሮጌ ዐይነት ከሆነ፥ የሚሸከመው ሥራ ባይኖርም ብረቱን ማግኔት ለማድረግ ሲል ሁልጊዜ ይወስዳል፤ ሽፋኑ ላይ እጅ ቢያሳርፉ ለብ የሚለው ስለዚህ ነው። ከዚህም የባሰ አለ፤ ማጉያው በርቶ ሳለ ዘፈኑ ብቻ ሲቆም፥ የውስጡ ትራንዚስተሮች ዝግጁ ለመሆን በሚያሳልፉት ኃይል ከ30 እስከ 60 ዋት የሚያጠፋ ብዙ ነው። ዲ ክላስ የሚባለው አዲሱ ዐይነት በዚህ ረገድ እጅግ ቈጣቢ ነው። አዝማሪውስ ማሲንቆውን ግድግዳ ላይ ከሰቀለው በኋላ አንዳች አይከፍልበትም!

በውጭ አገር ነገሩ እንደ ቀላል አልታየም። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ድርጅት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. እንዲህ ያለ የተጠባባቂ ወጪ ከ1 ዋት እንዳይበልጥ ሐሳብ አቀረበ። የአውሮፓ ኅብረትም በ2008 ደንብ አውጥቶ፥ ከ2010 ጀምሮ 1 ዋት፥ ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ግማሽ ዋት ወሰነ፤ ሰዓት ወይም ጽሑፍ ለሚያሳየው ዕጥፍ ፈቀደ። ስለዚህ አሮጌ ማጉያ በርካሽ የሚገዛ ሰው፥ ዕቃው ከዚያ በፊት የተሠራ እንደ ሆነ ዋጋውን በየወሩ እየጨመረ እንደሚከፍል ይወቅ።

ቆጣሪ ባለው ቤት 10 ዋት የሚወስድ ዕቃ በዓመት 87.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቈጥራል፤ በወር ከ7 ይበልጣል። ታሪፉ በእርከን የሚወጣ ስለ ሆነ፥ ይህ ትርፍ የሚቈጠረው በመጨረሻው፥ ማለት ቤቱ በደረሰበት ውድ እርከን ነው። ለመመርመር የሚፈልግ ሰው ሌላውን ዕቃ ሁሉ ነቅሎ ማጉያውን ብቻ ይተው፤ ከዚያም በዘመናዊው ቆጣሪ ላይ ብልጭ የምትለውን ቀይ መብራት በሰዓት ይጠብቅ። በቆጣሪው ላይ ለ1 ኪሎ ዋት ሰዓት 1600 የሚል ከተጻፈ፥ በየ3 ደቂቃ ከ45 ሴኮንዱ አንድ ጊዜ ብልጭ ማለትዋ 10 ዋት መሆኑን ያስረዳል።

አንዳንድ ወዳጆቻችን፥ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ ሳለ ስለ 8 ዋት መነጋገር ምን ይጠቅማል ይሉናል። ከስማዳ ሥር የሚያልፈው በሽሎም ወደ ዐባይ ገብቶ እስከዚያ ይወርዳል። መስመሩ እስኪደርስለት ድረስ ግን ለገጠሩ ቤት ግድቡ በጓዳ ያለው ባትሪ ነው፤ እዚያም የሚያፈስ ቀዳዳ ካለ ወጪው የልጅ ፈተና ነው።

መድኃኒቱ ብዙ አያስወጣም። በከተማ ማብሪያ ያለው ማከፋፈያ ገዝቶ፥ መጀመሪያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማጉያውን በራሱ ቊልፍ መዝጋት፥ ከዚያ ማከፋፈያውን ማጥፋት ነው። በጋይንት ደጋ መብረቅ ሲበዛና መብራት ሄዶ ሲመለስ ግን ማጥፋት ብቻ አይበቃምና ከሶኬት መንቀል ይገባል። ሽፋኑን ከፍቶ መነካካት ግን ክልክል ይሁን፤ ከተነቀለም በኋላ በውስጡ የሚያደነግጥ ኃይል ይቈያል።

በስማዳው ቤት ባለሙያው በባትሪውና በኢንቨርተሩ መካከል ማብሪያ አደረገ፤ መብራቶቹ በቀጥታ ከ12 ቮልቱ የሚሠሩ ስለ ነበሩ አልተነኩም። ማታ ማታ መዝጋቱም ለልጅቱ ተሰጠ። ሁሉም ደስ ሲላቸው አያትዋ ብቻ ቅር ብሎአቸው፥ «የኔ ልጅ፥ ያችን ቀይ ፍም ለምን አጠፋችኋት? ሌሊት ስነሣ በርስዋ ነበር በሩን የማገኘው» አሉት። እርሱም «እማማ፥ ሌላ አደርግልዎታለሁ» ብሎ ከግማሽ ዋት የማትበልጥ ትንሽ መብራት ከበሩ አጠገብ ሰቀለላቸው።