«ዕድሜዋ አልፏል» ለሚለው ፍርድ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ሴቶች ፊገር ስኬቲንግ የሚጽፉና የሚተነትኑ ሰዎች አብዝተው የሚስማሙበት አንድ ፍርድ አለ። ይህ የበረዶ ላይ ስፖርት የልጆች ነው ይላል። ለአቅመ ሔዋን ሳትደርስ ያላሸነፈች ስኬተር ከደረሰች በኋላ አታሸንፍም፤ በ15 ዓመቷ ጫፍ ላይ የወጣችም ከዚያ ወዲያ የሚጠብቃት ቁልቁለት ነው። ማስረጃ ሲጠየቅ ሦስት ስሞች ይጠራሉ፦ በ1998 ናጋኖ ኦሎምፒክ ላይ ታራ ሊፒንስኪ፣ በ2014 ሶቺ ላይ በቡድን ወርቅ ያገኘችው ዩሊያ ሊፕኒትስካያ፣ በ2018 ፒዮንግቻንግ ላይ አሊና ዛጊቶቫ። (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ሦስቱም ያኔ የ15 ዓመት ልጆች ነበሩ። ሊፒንስኪ በዚያው ዓመት ከኦሎምፒክ ውድድር ተሰናበተች፤ ሊፕኒትስካያ በ19 ዓመቷ አቆመች፤ ዛጊቶቫ በ17 ዓመቷ ውድድር አቋረጠች።

ነገሩ የተንታኞች ወግ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ግን ወላጅ ገንዘቡን፣ አሠልጣኝ የልምምድ ዕቅዱን፣ ልጅቷ ደግሞ የምትጎርሰውን እህል የሚለኩት በዚህ ፍርድ ነው። ስለዚህ መሠረቱ ሊመረመር ይገባል። እኔ ደግሞ መነሻው ከፊል እውነት፣ መደምደሚያው ግን ስሕተት ነው እላለሁ። ለዚህም የአንዲት አሜሪካዊት ስኬተርን የውድድር ዘመን አቀርባለሁ።

አሊሳ ሊው የተወለደችው በነሐሴ 2005 ነው። በጥር 2019፣ ገና በ13 ዓመቷ፣ የአሜሪካ የአዋቂዎች ሻምፒዮን ሆነች፤ ሊፒንስኪ በ14 ዓመቷ የያዘችውን ክብረ ወሰን የሰበረችው ያኔ ነው። በማግሥቱ ዓመት ደገመችው። በ2019 ክረምት ሌክ ፕላሲድ ላይ ሉትዝ የተባለውን ዝላይ አራት ዙር እየተሽከረከረች በውድድር ያሳረፈች የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ሆነች። በ2022 ቤጂንግ ኦሎምፒክ ላይ ስድስተኛ ሆና ጨረሰች፤ በወሩ ሞንፔሊዬ ላይ የዓለም ሻምፒዮና ነሐስ አገኘች። ከዚያም በሚያዝያ፣ በ16 ዓመቷ፣ በቃኝ አለች።

ተንታኞቹ ያን ጊዜ የጻፉት የሚጠበቀውን ነው። እውነቱን ለመናገር የሚያስደግፋቸው ነገርም ነበራቸው። ሊው ቁመቷ ሲጨምርና ጉዳት ሲደርስባት ያስጠሯት ዝላዮች ከእጇ ወጥተው ነበር፤ በ2021 የአሜሪካ ሻምፒዮና አራተኛ ሆናለች። የዝላይ ሕግ እንደዚህ ነው፦ ስኬተሯ በአየር ላይ የምትቆየው ከአንድ ሰከንድ ላነሰ ጊዜ ነው፤ በዚያች ቅጽበት አራት ጊዜ ለመዞር ጠባብ ትከሻ፣ ጠባብ ዳሌና ቀላል ክብደት ይረዳሉ። ሰውነት ሲሰፋ መዞሩ ይዘገያል፣ ማረፉ ይከብዳል። ይህን የሚክድ ሰው የበረዶ ሜዳ አጠገብ ቆሞ አያውቅም። እስከዚህ ድረስ ከተቃራኒዎቼ ጋር አንድ ነኝ።

የምለያቸው ቀጥለው በሚሉት ላይ ነው። «ልጅ በቀላሉ ይዞራል» ከሚለው ተነስተው «ስለዚህ የሚያሸንፈው ልጅ ነው» ይላሉ። በሁለቱ መካከል ግን የደንብ መጽሐፍ አለ። የትኛው ሥራ ስንት ነጥብ ያወጣል የሚለውን ተፈጥሮ አልወሰነችም። የወሰነው በዓለም አቀፉ የስኬቲንግ ኅብረት ጉባኤ ላይ እጁን ያወጣ ሰው ነው።

የኦሎምፒክ አሸናፊዎችን ዕድሜ በተራ እንመልከት። ካታሪና ቪት በ1988 ስታሸንፍ 22፣ ክሪስቲ ያማጉቺ በ1992 20 ዓመቷ ነበር። ከዚያ ቁጥሩ ይወድቃል፦ ኦክሳና ባዩል 16፣ ሊፒንስኪ 15፣ ሳራ ሂዩዝ 16። በ2006 ቱሪን ላይ ግን ሺዙካ አራካዋ በ24 ዓመቷ ወርቁን ወሰደች። ቀጥላ ኪም ዩና በ19። ከዚያ ቁጥሩ እንደገና ይወርዳል፦ በሶቺ 17፣ በፒዮንግቻንግ 15፣ በቤጂንግ 17። የሴት ልጅ አጥንት በየስምንት ዓመቱ ጠባዩን አይለውጥም። የሚለወጠው ደንቡ ነው። እስከ 1990 ድረስ ስኬተሮች በበረዶው ላይ በምላጩ ጠርዝ ክብና ስምንት ቁጥር እየሣሉ ይመዘኑ ነበር፤ የዓመታት ትዕግሥት የሚጠይቅ፣ ለልጅ የማያደላ ሥራ ነው። እሱ ሲቀር የአሸናፊዎቹ ዕድሜ ወረደ። ብቸኛው ምክንያት ይህ ነው አልልም፤ ግን ሰውነት ብቻውን ይህን መውጣትና መውረድ ሊያስረዳ አይችልም።

ፒዮንግቻንግ ደግሞ የበለጠ ግልጽ ነው። ዛጊቶቫና የ18 ዓመቷ ዬቭጌኒያ ሜድቬዴቫ በረጅሙ ፕሮግራም (ውጤቱ የአጭሩና የረጅሙ ፕሮግራም ድምር ነው) ያገኙት ነጥብ እኩል፣ 156.65 ነበር። ወርቁን የለየው የአጭሩ ፕሮግራም የ1.31 ነጥብ ልዩነት ነው። በዚያ ዘመን ከፕሮግራሙ አጋማሽ በኋላ የሚሠራ ዝላይ አሥር በመቶ ጭማሪ ያስገኝ ነበር፤ ዛጊቶቫ በረጅሙ ፕሮግራም ሰባቱንም ዝላዮች ወደ ሁለተኛው አጋማሽ አዛውራ ጭማሪውን ሙሉ በሙሉ ወሰደች። ሕጉን አልጣሰችም፤ በሚገባ አንብባዋለች። በዚያው ዓመት ኅብረቱ ጭማሪውን በአጭሩ ፕሮግራም ለመጨረሻው አንድ ዝላይ፣ በረጅሙ ለመጨረሻዎቹ ሦስት ብቻ ወሰነው። ባለ አራት ዙሩ ሉትዝም ከ13.6 ወደ 11.5 ነጥብ ወረደ፤ ይህም ሆኖ ከ5.9ኙ ባለ ሦስት ዙር እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። «ተፈጥሮ ነው» የሚባለው የልጆች የበላይነት እንዲህ በአንድ ስብሰባ የሚጨመርና የሚቀነስ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራው ተቃውሞ ይመጣል። ጃፓናዊቷ ካኦሪ ሳካሞቶ ከ2022 እስከ 2024 ሦስት ጊዜ በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው፣ ሊውም በኋላ ያሸነፈችው፣ ሩሲያውያን በዩክሬን ወረራ ምክንያት ከመጋቢት 2022 ጀምሮ ከዓለም አቀፍ ውድድር ስለታገዱ ነው ይባላል። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ በሌለ ተወዳዳሪ ላይ የተገኘ ድል ሙሉ ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ሩሲያውያን ወደነበሩበት እንሂድ። ጣሊያናዊቷ ካሮሊና ኮስትነር በሶቺ፣ በሩሲያውያን አገርና ጩኸት መካከል፣ በ27 ዓመቷ ነሐስ ወስዳለች። ሳካሞቶ ቤጂንግ ላይ ሦስቱም የሩሲያ ስኬተሮች ባሉበት፣ አንድም ባለ አራት ዙር ዝላይ፣ አንድም ትሪፕል አክስል (ሌላው ከባድ ዝላይ) ሳትሠራ ሦስተኛ ወጥታለች። እዚያው ቤጂንግ ላይ አምስት ባለ አራት ዙር ዝላይ ያሳየችው አሌክሳንድራ ትሩሶቫ፣ ሁለት ባሳየችው አና ሽቸርባኮቫ ተበልጣለች። ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ደግሞ ከሩሲያ ውስጥ የመጣ ነው። ዬሊዛቬታ ቱክታሚሼቫ በ2015 የዓለም ሻምፒዮን ሆና ነበር፤ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ለዓለም ሻምፒዮና ሳትመረጥ ቀርታ፣ ስንቱ ጋዜጠኛ አበቃላት ካለ በኋላ፣ በ2021 ስቶክሆልም ላይ በ24 ዓመቷ ሁለተኛ ወጣች። ሦስተኛ የሆነችው ትሩሶቫ ናት።

ወደ ሊው ልመለስ። ካቆመች በኋላ ወደ ኤቨረስት ተራራ ሥር ተጓዘች፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሥነ ልቡና መማር ጀመረች። በ2024 መጀመሪያ ከጓደኞቿ ጋር በተራራ ላይ ስኪ ስትንሸራተት የቀድሞው ስሜት ቀሰቀሳትና ወደ በረዶ ሜዳው ተመለሰች። ስትመለስ ግን ሙዚቃዋንና ልብሷን እሷ እንደምትመርጥ፣ ምን ያህል እንደምትለማመድና ምን እንደምትበላ እሷ እንደምትወስን አስታውቃ ነው። በመጋቢት 2025 ቦስተን ላይ በአጭሩም በረጅሙም ፕሮግራም አንደኛ ሆና፣ በ222.97 ነጥብ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ ከኪሚ ማይስነር የ2006 ድል ወዲህ የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት። በ16 ዓመቷ ሞንፔሊዬ ላይ ያገኘችው 211.19 ነበር። ልጅ ሳለች ያስጠሯትን ትሪፕል አክስልና ባለ አራት ዙር ሉትዝ ቦስተን ላይ አልሠራችም። የሠራችው ንጹሕ ባለ ሦስት ዙር ዝላዮችን፣ ፈጣን ሽክርክሪትንና ከሙዚቃው ጋር የሚተነፍስ እንቅስቃሴን ነው። ሁለት ዓመት ያረፈ ጉልበትና የራሷ የሆነ ፈቃድ ይዛ መጥታለች። ከፍተኛው ዝላይና ከፍተኛው ስኬቲንግ አንድ እንዳልሆኑ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ሌላውን ጎን ሳስብ ልቤ የሚያዝነው በካሚላ ቫሊየቫ ነው። በታኅሣሥ 2021 ከተወሰደው ናሙናዋ ትሪሜታዚዲን የተባለ የተከለከለ የልብ መድኃኒት ተገኘ፤ ቤጂንግ ላይ በዓለም ፊት እየወደቀች አለቀሰች፤ በጥር 2024 የስፖርት የግልግል ፍርድ ቤት የአራት ዓመት እገዳ ጣለባት። ናሙናው ሲወሰድ 15 ዓመቷ ነበር። ስለ እሷ ሲጻፍም ያው ፍርድ ይመለሳል፦ ተመልሳ ብትመጣ እንኳ ዕድሜዋ አልፏል። አዋቂዎች የልጅነት ዓመታቷን ራሳቸው ባወጡት ሰሌዳ ላይ ጨርሰው፣ ሰሌዳውን የሰውነቷ ጥፋት አደረጉት።

ኅብረቱ በሰኔ 2022 ፉኬት ላይ የአዋቂዎችን ዝቅተኛ ዕድሜ ደረጃ በደረጃ ከ15 ወደ 17 ከፍ አድርጓል። ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ ግን ዓመት ከመቁጠር አልፎ ልምምዱን፣ ክብደቱንና ዕረፍቱን ማን ይወስናል የሚለውን አይነካም። የሊው ታሪክ የአንዲት ሴት ታሪክ ነው፤ ሁሉም ሁለት ዓመት አርፈው ሻምፒዮን ይሆናሉ አላልኩም። ያልኩት፣ ቶሎ መቋጨቱ ከአጥንት ብቻ የመጣ አይደለም ነው።

ስለዚህ ለስፖርት ጸሐፊ ባልደረቦቼ የማቀርበው ልመና አጭር ነው። ከእንግዲህ አንዲት የ17 ዓመት ስኬተር ስታቆም «ዕድሜዋ አለፈ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት፣ ያቆመችው በማን ውሳኔ እንደሆነ ጠይቃችሁ ጻፉ።