ስም በሜትር አይለካም

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 12 ቀን 2004 በአውሮፓና በአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች በሚገኙ የ«ኤች ኤንድ ኤም» ሱቆች ደጃፍ ላይ ሴቶች ከማለዳ ጀምሮ ተሰልፈው ነበር፡፡ ያሰለፋቸው አንድ ስም ነው፡፡ የሻኔል ፋሽን ቤት ዋና ዲዛይነር የነበረው ካርል ላገርፌልድ ለዚህ በርካሽነቱ ለሚታወቅ የስዊድን ሱቅ ልብስ ነድፎ ነበር፡፡ በብዙ ቦታዎች ልብሱ በሰዓታት ውስጥ ተሸጦ አለቀ፡፡ ላገርፌልድ ራሱም በኋላ ኩባንያው በቂ መጠን አላመረተም ብሎ አማሯል፡፡

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ልማድ ሆነ፡፡ ስቴላ ማካርትኒ በ2005፣ ቬርሳቼ በ2011፣ ባልማን በ2015፣ ግሌን ማርተንስ በ2025 ኦክቶበር መጨረሻ ላይ፣ ሁሉም በዚሁ ሱቅ በር ገብተዋል፡፡ አሜሪካ ውስጥም «ታርጌት» በ2003 ከአይዛክ ሚዝራሂ ጋር ጀመረ፡፡ በ2011 የጣሊያኑን ሚሶኒ ልብስ ለሽያጭ ሲያቀርብ የኩባንያው ድረ ገጽ የገዢ ብዛት መሸከም አቅቶት ወደቀ፡፡ በ2015 የሊሊ ፑሊትዘር ልብሶች ገና በቀኑ ከመደርደሪያ ጠፍተው በኢንተርኔት በእጥፍ ዋጋ ሲቸበቸቡ ታዩ፡፡

እኔ የፋሽን ሰው አይደለሁም፤ የተማርኩት ሕግ ነው፡፡ የሕግ ሰው አንድ ግብይት ሲያይ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «የተሸጠው ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ነው፡፡ ይህን ጥያቄ እዚህ ላይ ስናነሳው መልሱ ብዙ ወጣት ሴቶች እንደሚያስቡት ጨርቁ ወይም ቅዱ ሆኖ አናገኘውም፡፡

ምክንያቱን ላስረዳ፡፡ በአሜሪካ ሕግ የልብስ ቅድ በቅጂ መብት አይጠበቅም፡፡ ልብስ መገልገያ ዕቃ ነውና እጅጌው እንዴት እንደተቆረጠ፣ ወገቡ የት ላይ እንደጠበበ የማንም የግል ንብረት ሊሆን አይችልም፡፡ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 «ስታር አትሌቲካ» ተብሎ በሚታወቀው ክርክር ላይ በልብስ ገጽ ላይ ያለ ሥዕልና ጌጥ ከልብሱ ተለይቶ ሊታሰብ እስከቻለ ድረስ ሊጠበቅ እንደሚችል ወስኗል፤ ቅዱ ግን ያኔም ከጥበቃው ውጭ ነው፡፡ ለዲዛይን የሚሰጥ ፓተንት አለ፤ ነገር ግን ገንዘብም ጊዜም ይፈልጋል፡፡ ፓተንቱ እስኪወጣ ፋሽኑ ያልፍበታል፡፡ አውሮፓ የተሻለ ነው፤ ያልተመዘገበ ንድፍ እንኳ ለ3 ዓመት ይጠበቃል፡፡ በእኛም ሀገር የኢንዱስትሪ ንድፍ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ሊመዘገብ ይችላል፡፡ የሽሮ ሜዳው ሸማኔ ግን ያወጣው አዲስ ጥለት በሳምንቱ በጎረቤቱ ሱቅ ተሰቅሎ ሲያየው አዋጅ ይዞ ፍርድ ቤት አይሮጥም፡፡ ሌላ ጥለት ያወጣል እንጂ፡፡

ታዲያ ቅዱን መቅዳት ካልተከለከለ ርካሹ ሱቅ ለዲዛይነሩ ገንዘብ የሚከፍለው ለምንድን ነው? ዝም ብሎ አይቀዳም ነበር? ይቀዳልም እኮ! በፓሪስ መድረክ ላይ የታየ ልብስ አምሳያው በሳምንታት ውስጥ በርካሽ መደብሮች ይሰቀላል፡፡ ሊቀዳ የማይችለው ስሙ ነው፡፡ ስም የንግድ ምልክት ነው፤ የንግድ ምልክት ደግሞ በየጊዜው እስከታደሰና ሥራ ላይ እስከዋለ ድረስ የጊዜ ገደብ የለውም፡፡ የጫማ ሶል ቀይ ቀለም እንኳ በዚህ መንገድ ተጠብቋል፡፡ ክርስቲያን ሉቡታን በ2012 በኒውዮርክ በተካሄደ የይግባኝ ክርክር፣ የጫማው የላይኛው ክፍል በሌላ ቀለም እስከሆነ ድረስ ቀዩ ሶል የእርሱ ምልክት መሆኑን አስወስኗል፡፡

እንግዲህ «የዲዛይነር ትብብር» የሚባለው ነገር በሕግ ቋንቋ ሲፈታ በአብዛኛው የስም ኪራይ ነው፡፡ ጨርቁ የርካሹ ሱቅ ነው፤ ፋብሪካው የርካሹ ሱቅ ነው፤ ስፌቱም እንዲሁ፡፡ የተከራየው አንገቱ ላይ የተሰፋው ስም ነው፡፡

ስም ከባለቤቱ ተነጥሎ መሸጡ ደግሞ ቀልድ አይደለም፡፡ ሃልስተን የሚባለው አሜሪካዊ ዲዛይነር ዣክሊን ኬኔዲ በ1961 በባለቤቷ በዓለ ሲመት ላይ ያደረገችውን ክብ ባርኔጣ የሠራ ሰው ነው፡፡ በ1973 ድርጅቱን ከነስሙ ለአንድ ትልቅ ኩባንያ ሸጠ፡፡ በ1983 «ጄ.ሲ. ፔኒ» ለተባለው ተራ መደብር በስሙ ርካሽ ልብስ ማውጣት ጀመረ፡፡ ዛሬ የምናጨበጭብለትን ነገር ሃያ ዓመት ቀድሞ መሞከሩ ነበር፡፡ በዚያ ዘመን ግን እንደ ውርደት ተቆጠረ፤ «በርግዶርፍ ጉድማን» የተባለው የሀብታሞች መደብር ልብሶቹን አስወጣ፡፡ ድርጅቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሃልስተን ከገዛ ቢሮው ወጣ፡፡ በ1990 ሲሞት በራሱ ስም ልብስ የመሸጥ መብት አልነበረውም፡፡ ሰው በሕይወት እያለ ስሙ የሌላ ሰው ንብረት ሆኖ ገበያ ሲዞር ማየት ምን ይባላል?

ጀርመናዊቷ ጂል ሳንደርም ተመሳሳይ ነገር ደርሶባታል፡፡ በ1999 የድርጅቷን አብላጫ ድርሻ ለፕራዳ ሸጠች፤ በዓመቱ ተጣልታ ወጣች፤ ስሟ እዚያው ቀረ፡፡ በ2009 ከጃፓኑ «ዩኒክሎ» ጋር መሥራት ስትጀምር ልብሱ ላይ የተጻፈው «ፕላስ ጄ» ብቻ ነበር፡፡ ሙሉ ስሟ የሌላ ንብረት ነውና አንድ ፊደል ተረፋት፡፡ ይሁን እንጂ ከእነዚህ ሁሉ ትብብሮች መካከል ዛሬም ድረስ በአድናቆት የሚነሳው ይኸው ስም የሌለው ነው፡፡ ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ሱሪ፣ ቀጥ ያለ ካፖርት፡፡ ኩባንያው በ2020 መልሶ ሲያወጣውም ሰው ተሰለፈለት፡፡ ሴትዮዋ ስሟን ማከራየት ስላልቻለች እጇን አከራየች ማለት ይቻላል፡፡ የእኔ ፍርድ እዚህ ላይ ነው፡፡ ትብብር ሁሉ ማታለያ አይደለም፤ ነገር ግን ስም የሚከራይበትና እጅ የሚከራይበት ይለያያሉ፡፡ ዩኒክሎ ክላር ዌይት ኬለርን በ2023 ለአንድ መስመር ቀጥሮ በ2024 የጠቅላላው ልብስ የፈጠራ ኃላፊ ማድረጉ የሁለተኛው ዓይነት ነው፡፡ ለአንድ ቀን ሰልፍ ተብሎ በጥቂቱ ተመርቶ የሚበተነው ደግሞ የመጀመሪያው፡፡

በሜሪላንድ የምትኖር የእህቴ ልጅ አለች፡፡ ሥራ ከጀመረች ዓመት አልሞላትም፡፡ ከእነዚህ ትብብሮች አንዱን አንድ ጃኬት ከሱቅ ስታጣው በኢንተርኔት ከሚቸረችር ሰው በ180 ዶላር ልትገዛው ነው፤ በሱቅ ዋጋው 80 ነበር፡፡ ፎቶውን ላከችልኝና «ጋሼ፣ ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?» አለችኝ፡፡ «ስሙን ከላዩ ብትነሺለት ስንት ትከፍዪበታለሽ?» ብዬ መለስኩላት፡፡ ከረጅም ዝምታ በኋላ «ሠላሳ» አለች፡፡ እንግዲህ 150ው ምን እንደነበር ራሷ ተናገረች፡፡ ለአንዲት ወጣት 150 ዶላር ወደ ቤት የሚላክ ገንዘብ ነው፤ ወይም የመጽሐፍ፣ ወይም የወር የትራንስፖርት፡፡

አሁን ወደ ሌላው ወገን እንምጣ፡፡ የፋሽን አማካሪዎች «ዘመን የማይሽራቸው መሠረታዊ ልብሶች» የሚሏቸው አሉ፡፡ ነጭ ሸሚዝ፣ ጂንስ፣ ትንሽ ጥቁር ቀሚስ፣ አግድም መስመር ያለው ሹራብ፣ ካፖርት፡፡ የሚገርመኝ የእነዚህ ልብሶች የሕግ ታሪክ ነው፡፡ ጂንስ በአንድ ወቅት የግል ንብረት ነበር፡፡ ሌዊ ስትራውስና ጄከብ ዴቪስ የሱሪ ኪስ ማዕዘን በመዳብ ምስማር የሚጠናከርበትን ዘዴ እ.ኤ.አ. ሜይ 20 ቀን 1873 በፓተንት አስመዘገቡ፡፡ ፓተንቱ ጊዜው ሲያልፍ የሁሉም ሆነ፡፡ ባለ መስመሩ ሹራብ በፈረንሳይ የባሕር ኃይል በ1858 በወጣ ድንጋጌ የመርከበኞች ልብስ የተደረገ ነው፤ የመስመሩ ብዛትና ስፋት ጭምር በድንጋጌው ተወስኗል፡፡ ሻኔል የነደፈችውን ጥቁር ቀሚስ በ1926 «ቮግ» መጽሔት ከፎርድ መኪና ጋር ያመሳሰለው ሁሉም ሊለብሰው የሚችል ነው ለማለት ነው፡፡ ባለቤት የሌላቸው ስለሆኑ ስም ሊከራይባቸው አይገባም፡፡ የሚከፈለው ለጨርቁና ለስፌቱ ብቻ ነው፡፡

ነገር ግን «ዘመን የማይሽረው» የሚለው ቃልም ራሱ ማስታወቂያ ወደመሆን እየሄደ ነው፡፡ «እያንዳንዷ ሴት ሊኖሯት የሚገቡ አሥር ልብሶች» የሚሉ ዝርዝሮችን ስመለከት የተጻፉት ለፓሪስ ወይም ለኒውዮርክ ቢሮና ብርድ መሆኑ ይታየኛል፡፡ የአዲስ አበባዋ ልጅ ከሐምሌ ብርድ የሚያድን ጃኬት ያስፈልጋታል እንጂ የጥር በረዶ የሚችል የሱፍ ካፖርት ምን ያደርግላታል? ዱባይ ያለችው ደግሞ ጨርሶ አታወጣውም፡፡ ዘመን ያልሻረው ልብስ ከተባለ ነጠላን ማን ይቀድመዋል? ለለቅሶም፣ ለሠርግም፣ ለቤተ ክርስቲያንም አንዱ ነጠላ አጣጣሉ እየተለወጠ ያገለግላል፡፡

ታዲያ ልጅቷ ምን ትይ? እኔ የምመክረው ልብሱን ገልብጣ ከውስጥ በኩል እንድታየው ነው፡፡ ስፌቱ ጠርዝ ላይ ተዘምዝሟል ወይስ ክሩ ተንጠልጥሏል? እጥፋቱ ላይ ለማስረዘም የሚበቃ ትርፍ ጨርቅ ተትቷል? መስመር ያለው ጨርቅ ከሆነ መስመሩ መገጣጠሚያው ላይ ይገናኛል? መርካቶ ጥሩ ልብስ ሰፊ የምታውቅ እናት ይህን ሁሉ በአንድ እይታ ትጨርሳለች፡፡ ከዚያ በኋላ ትንሿን መለያ ታንብብ፡፡ በአሜሪካ ሕግ ይህቺ መለያ ሦስት ነገር እንድትናገር ትገደዳለች፤ ጨርቁ ከምን እንደተሠራ፣ በየት ሀገር እንደተመረተና ኃላፊው ድርጅት ማን እንደሆነ፡፡ በአውሮፓ የጨርቁ ዓይነት ግዴታ ነው፤ የምርት ሀገሩን መጻፍ ግን ግዴታ አይደለም፡፡ ከውጭ የሚንቦገቦገው ስም ሻጩ የፈለገውን የሚልበት ነው፤ ከውስጥ ያለችው ትንሽ መለያ ግን ሕግ አስገድዶ ያናገራት ናት፡፡ ላይዋ የዲዛይነር ስም ተጽፎ ውስጧ «100% ፖሊስተር» ከሆነ ነገሩ ተፈጸመ፡፡

ያቺ መለያ ለጥቂት ዓመታት «በኢትዮጵያ የተሠራ» ትልም ነበር፡፡ ካልቪን ክላይን የሚለውን ስም በ2003፣ ቶሚ ሂልፊገርን በ2010 የገዛው «ፒ.ቪ.ኤች» በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ዋና ደንበኛ ሆኖ ነበር፡፡ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስ ትምህርት ቤት በ2019 ባወጣው ጥናት የሠራተኛዋ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑንና ይህም በዓለም የልብስ አምራችነት ሰንሰለት ውስጥ ዝቅተኛው መሆኑን ገልጿል፡፡ በኖቬምበር 2021 ፒ.ቪ.ኤች በጦርነቱ ምክንያት የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ አሜሪካ ለኢትዮጵያ የሰጠችውን ከቀረጥ ነፃ የ«አጎዋ» ዕድል አነሳች፡፡ ያቺ 26 ዶላርም ለብዙዎች ቀረች፡፡

ስለዚህ «አትግዙ» የሚለው ምክር ከሩቅ ሆኖ ለሚናገር ቀላል ነው፡፡ የሐዋሳዋ ልጅ ገዢው ሲሄድ አልተጠቀመችም፡፡ እኔ የምለው ሌላ ነው፡፡ ኩባንያዎቹ ለስም ከሚጽፉት ውል ጋር ለእጅም ውል መጻፍ ይችላሉ፤ ጽፈውም ያውቃሉ፡፡ በኤፕሪል 2013 ባንግላዴሽ ውስጥ ራና ፕላዛ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሠራተኞች ካለቁ በኋላ ኤች ኤንድ ኤምና ፒ.ቪ.ኤችን ጨምሮ ከ200 በላይ ኩባንያዎች ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር የፋብሪካዎችን ደህንነት የሚመለከት ስምምነት ፈረሙ፡፡ እንደተለመደው የመልካም ምኞት መግለጫ አልነበረም፤ በግልግል ዳኝነት የሚያስከስስ ውል ነው፡፡ በዚሁ ውል መሠረት የተከሰሰ አንድ ኩባንያ በ2018 ጉዳዩን 2.3 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ጨርሷል፡፡ ውሉ ወደ ፓኪስታንም ተሻግሯል፡፡

በእኛ በኩል ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይደነግጋል፡፡ የሐዋሳ በር ዳግመኛ ለትልልቅ ስሞች ወለል ብሎ ሲከፈት በድርድሩ ጠረጴዛ ላይ አብረው መቀመጥ ያለባቸው እነዚህ ሁለት ወረቀቶች ናቸው፤ የባንግላዴሹ ዓይነት ውልና የቦርዱ ደንብ፡፡ ለሸሚዝ አንገት ስም ኪራይ አርባ ገጽ የሚጽፍ ጠበቃ ለሰፊዋ አራት ገጽ የሚያጣበት ምክንያት አይታየኝም፡፡