ደወሉ ሳይሠራ የፈቀዱና ያስፈቀዱ ይወገዙ

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት፣ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች ሥር ለሳምንታት ሲናጥ የከረመው ስምጥ ሸለቆ ከ5.5 በላይ በሆነ መጠን ተንቀጠቀጠ። አዳማም አዲስ አበባም ከእንቅልፋቸው ባነኑ። የካቲት 7 ምሽት ደግሞ መጠኑ 6 ደረሰ።

ያን የታኅሣሥ ሌሊት እኔ ባደርኩበት የአዳማ ሕንፃ፣ በየፎቁ ደረጃ ራስ ላይ ቀይ የአደጋ ሳጥን ተሰቅሎ ነበር። አንድ ወጣት መስተዋቱን ሰብሮ ተጫነው። ዝም። እኛን ያወረደን ሰው ነው፤ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ በባዶ እግሯ ከፎቅ ፎቅ እየሮጠች በር ትደበድብ ነበር። አንድ መስማት የተሳነው እንግዳ ፎቅ ላይ እንደቀረ ትዝ ያለን ሁላችንም ግቢው ውስጥ ከቆምን በኋላ ነው። እግዚአብሔር ይመስገንና ሕንፃው ቆመ፤ እሱም ተረፈ።

ይህ የድህነት ጉዳይ አይደለም። የሕንፃውን ግንባር በመስተዋትና በአሉሚኒየም ያለበሰ ገንዘብ ለሽቦና ለባትሪ አያንስም። ሳጥኑ የተሰቀለው ለፍተሻ ነው፤ ፍተሻው ሲያልፍ ሥራው አበቃ። ይህን ያደረገውን ባለንብረት አወግዛለሁ። ሽቦው የት እንደሚደርስ ሳያይ የፈረመውን አማካሪ መሐንዲስ አወግዛለሁ። ሳጥኑን በዓይኑ አይቶ በእጁ ሳይሞክር የመጠቀሚያ ፈቃድ የሰጠውን ሹም አወግዛለሁ። የሦስቱም እጅ አለበት።

ከሁሉ የከፋው ሊፍቱ ነው። መብራት ሲጠፋ በሁለት ፎቅ መካከል የቀረ ሰው ደወል የተሣለበትን ቢጫ ቁልፍ ይጫናል። ብዙ ቦታ ደወሉ የሚጮኸው እዚያው ሊፍቱ ጣራ ላይ ነው፤ በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ጀነሬተር እያጓራበት ከየት ይሰማል? የማነጋገሪያው ሽቦ ጥበቃ ቤት አልደረሰም፤ የደረሰውም ባትሪው ሞቷል። የአውሮፓ የሊፍት ደረጃ ጥሪው ቀንም ሌሊትም ሰው እንዲመልሰው፣ መብራት ቢጠፋ ለአንድ ሰዓት በባትሪ እንዲሠራ፣ መሥመሩም ቢያንስ በየሦስት ቀኑ እንዲፈተሽ ያስገድዳል። ሊፍት አስመጪው ይህን ያውቃል። አውቆ መተዉ ነው ወንጀሉን የሚያከብደው።

ሕግ የለም እንዳይሉን። ገና በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልበትንም ሆነ ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝመውን ሕንፃ በምድብ ሐ መድቦ ነበር፤ በሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኛ የሚመች መግቢያም አዞ ነበር። በ2002 ዓ.ም. አገራችን ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 9 ተደራሽ መሆን አለባቸው ካላቸው መካከል የአደጋ ጊዜ አገልግሎቶችን በስም ይጠራል። በዊልቸር የምትሄድን እናት ስምንተኛ ፎቅ አውጥቶ፣ ስትጣራ የሚሰማት ያላዘጋጀ ሕንፃ ይህን ቃል ረግጦታል።

ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ የግሬንፌል ሕንፃ ተቃጥሎ 72 ሰዎች አለቁ። ነዋሪውን በአንድ ጊዜ የሚያስጠነቅቅ ደወል አልነበረውም። እሳት አደጋ መከላከያው «ባላችሁበት ቆዩ» የሚለውን ምክር ዘግይቶ ሲሽር፣ ሽረቱን ለሁሉም የሚያሰማበት መንገድ አልነበረውም። ያ የሆነው በሀብታም አገር፣ መሬቱም ሳይናወጥ ነው።

የእኛ መሬት ግን ይናወጣል። በ1898 ዓ.ም. ላንጋኖ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ያኔ በዚያ ሸለቆ ፎቅ አልነበረም። ዛሬ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ፣ ባቱና ሻሸመኔ ወደ ላይ እያደጉ ነው፤ አዳማ ደግሞ ከየክልሉ የተጠራ ተሰብሳቢ መውጫውን በማያውቀው ሆቴል የሚያድርባት ከተማ ናት።

ስለዚህ የየከተማው ፈቃድ ሰጪዎች ወረቀት ይዘው ሳይሆን መብራት አስጠፍተው ይግቡ። ሊፍት ውስጥ ቆመው ቁልፉን ይጫኑ፤ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የሚመልስ ሰው ይጠብቁ። ቀዩን ሳጥን ይሞክሩ፤ ድምፁ እስከ ላይኛው ፎቅ መድረሱን፣ መስማት ለተሳነውም የሚያበራ መብራት መኖሩን ያረጋግጡ። ሰው ካልመለሰ፣ ደወሉም ካልጮኸ፣ ሊፍቱ ይታሸግ፤ ፈቃዱም በዚያው ቀን ይታገድ።