አዋሽ ብዙ ባለቤት አለው

ገበሬዎች ሆይ!

«ወንዝ ባለቤት የለውም» የሚሉ አሉ። እኔ ግን ወንዝ ብዙ ባለቤት አለው እላለሁ። አዋሽን ተመልከቱ።

አዋሽ የሚነሳው ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ከግንጪ አካባቢ ደጋ ነው። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ባሕር ግን አይደርስም። በአፋር ምድር አልፎ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። በመንገዱ ላይ የኑራ ኤራንና የመርቲን ሸለቆ ያጠጣል። ይህ ሸለቆ በብርቱካን የታወቀ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ተሠራ። ግድቡ የክረምቱን ውሃ ይዞ በበጋ ይለቃል። ከግድቡ በታች ያለው ተክል በበጋ የሚጠጣው ይህንኑ ነው። በቆሎ ቢደርቅ በሚመጣው ዓመት ይዘራል። ብርቱካን ግን ፍሬ እስኪሰጥ ዓመታት ይፈጃል። ዛፉ ከደረቀ የዓመታት ድካም አብሮ ደረቀ ማለት ነው።

ታዲያ ቆቃን ደለል እየሞላው ነው። ደለሉ ከየት መጣ? ከላይኛው ተዳፋት ነው። ዛፉ ተቆርጦ፣ መሬቱ ቁልቁል ታርሶ፣ እርከን ሳይሠራ ሲቀር ጎርፍ አፈሩን ይጠርጋል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? የላይኛው ገበሬ ለም አፈሩን ያጣል። የታችኛው የበጋ ውሃውን ያጣል። አንድ ጎርፍ ሁለት ገበሬ ያደኸያል።

የታችኛውም ከጥፋት ነፃ አይደለም። ውሃ አገኘሁ ብሎ ማሳን ማጥለቅለቅ ልማት አይደለም። ትርፉ ውሃ መውረጃ ቦይ ካጣ፣ ከመሬት በታች ያለው ውሃ ወደ ላይ ይወጣል። ውሃው በፀሐይ ሲተን ጨው ይቀራል። በአሚባራ ብዙ መሬት በዚህ ተበላሽቷል። ብርቱካን ደግሞ ጨው አይችልም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የላይኛው እርከን ይሥራ። አግድም ይረስ። በማሳው ዳር ሣርና ዛፍ ይትከል። የታችኛው በተራና በልክ ያጠጣ። ቦዩን ይጥረግ።

የላይኛው፣ «ለሌላው ብዬ ለምን እለፋለሁ?» ይል ይሆናል። እውነት አለው። ስለዚህ በውሃው የሚጠቀም ሁሉ፣ ትልቁም እርሻ ቢሆን፣ ለላይኛው ችግኝና መሣሪያ ማገዝ አለበት። እርከኑ የሁለቱም ነውና።

ይህን ለጎረቤታችሁ አንብቡለት። በስብሰባችሁም ተወያዩበት። እናንተ ከወንዛችሁ ላይ ናችሁ ወይስ ታች?