በማኅተም የሚፈጸም ጽንፈኝነት

መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. እኛ ቤት አበባየሆሽ ሲዘፈንና የህዳሴው ግድብ ምርቃት ወሬ ገና ሳይበርድ፣ የእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ቤንያሚን ኔታንያሁ ከኢየሩሳሌም በስተምሥራቅ ባለችው ማአሌ አዱሚም ተገኝተው የግንባታ ስምምነት ፈረሙ። የፍልስጤም መንግሥት የሚባል ነገር አይኖርም፣ ይህ ሥፍራ የእኛ ነው ሲሉም ቃል ገቡ። በማግስቱ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የሁለት መንግሥታትን መፍትሔ በ142 ድምፅ ደገፈ። ከፊርማውና ከድምፁ የትኛው መሬት ላይ እንደሚታይ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም።

የተፈረመው ኢ ዋን ለሚባለው የሠፈራ ዕቅድ ነው። በምሥራቅ ኢየሩሳሌምና በማአሌ አዱሚም መካከል፣ 12 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ራቁት ኮረብታ ላይ 3,400 ያህል ቤቶች ይሠራሉ። ዕቅዱ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ መሳቢያ ውስጥ ሲያድር ኖሯል። ተከታታይ የአሜሪካ አስተዳደሮች፣ እስራኤልን በሌላው ሁሉ የሚደግፉትም ጭምር፣ «እሱን ግን አትንኩ» ሲሉ ስለነበር ነው። ምክንያቱን ካርታ የዘረጋ ሁሉ ያየዋል። ራማላ በሰሜን፣ ቤተልሔም በደቡብ፣ ምሥራቅ ኢየሩሳሌም በመካከል። ዌስት ባንክ ወገቡ ላይ እጅግ ቀጭን ነው፤ ኢ ዋን የሚያርፈው ልክ እዚያ ላይ ነው። በዚህ ጊዜ ግን የከለከለ አልነበረም። የዕቅድ ኮሚቴው ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም. አጸደቀው፤ ዋሽንግተንም አልተቃወመችም።

እኛን የሚያስቆጣን የቤቱ ብዛት አይደለም። ጽንፈኛ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ፊቱን ሸፍኖ በሌሊት እሳት የሚለቅ ጎረምሳ ነው። እንዲህ ዓይነቶቹ በእርግጥ አሉ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ሁለት እስራኤላውያን ወንድማማቾች በፍልስጤማዊ ታጣቂ በተገደሉበት ዕለት ሠፋሪዎች ሐዋራ የምትባለውን ከተማ መኪናና ቤት ሳይለዩ አቃጠሉ። ከዚያ በኋላ ሐዋራ ከምድር ገጽ ልትጠፋ ይገባል ያሉት ግን ጎረምሳ አልነበሩም። የገንዘብ ሚኒስትሩ ቤዛሌል ስሞትሪች ነበሩ። ንግግሩን ዘግይተው አስተባብለዋል። ሥልጣኑን ግን አልተነጠቁም። በመከላከያ ሚኒስቴር ውስጥ የዌስት ባንክን የሲቪል ጉዳይ ይዘው፣ ማን ቤት እንደሚሠራና የማን ቤት እንደሚፈርስ የሚወስነውን መሥሪያ ቤት ይመራሉ። የነሐሴውን ዕቅድ ይፋ ያደረጉትም የፍልስጤምን መንግሥት ሐሳብ የሚቀብር ነው ብለው በኩራት ነው። ባልደረባቸው ኢታማር ቤን ግቪር እ.ኤ.አ. በ2007 ዘረኝነትን በማነሳሳትና አሸባሪ ድርጅትን በመደገፍ በፍርድ ቤት ጥፋተኛ የተባሉ ሰው ናቸው። ዛሬ ፖሊሱን ያዛሉ።

ጽንፈኝነት ቢሮ፣ በጀትና ማኅተም አገኘ ማለት ይህ ነው። ቤንዚን ያርከፈከፈ ጎረምሳ ቢያንስ ይሸሻል፤ አንዳንዴም ይያዛል። ፕላን ያጸደቀ ኮሚቴ ግን ቃለ ጉባኤውን ፈርሞ ለምሳ ይወጣል።

ኢ ዋን በታቀደበት አካባቢ፣ ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ በሚወርደው አውራ ጎዳና ዳር ካን አል አሕማር የምትባል የበደዊን መንደር አለች። ነዋሪዎቿ የጃሃሊን ጎሣ ሰዎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከኔጌቭ በረሃ የተባረሩ ቤተሰቦች ልጆችና የልጅ ልጆች። ቤቶቹ ቆርቆሮና ሸራ ናቸው። የዌስት ባንክ 60 በመቶ ገደማ በሚሆነው፣ እስራኤል ሙሉ በሙሉ በምታስተዳድረው ክፍል ለፍልስጤማዊ የግንባታ ፈቃድ ማግኘት ከሞላ ጎደል የማይታሰብ ስለሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ትምህርት ቤት ሲያስፈልጋቸው ያገለገለ የመኪና ጎማ ደርድረው በጭቃ ለሰኑት። የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 መንደሩ ይፍረስ የሚለውን ውሳኔ አጸና፤ የዓለም ጩኸት ሲበረታ ማፍረሱ ዘገየ። እዚያው አካባቢ መሐሉ በረጅም ግንብ የተከፈለ መንገድ አለ። በአንዱ በኩል ፍልስጤማውያን፣ በሌላው በኩል እስራኤላውያን ይነዳሉ፤ ጎን ለጎን እየሄዱ አይተያዩም። የእስራኤል ካቢኔ በ2017 ዓ.ም. በፀደይ ወራት ለፍልስጤማውያን ብቻ የሚሆን ሌላ ተለዋጭ መንገድ አጽድቋል። ሠፈራው ሲሠራ እነሱ በዚያ እንዲታጠፉ ነው። ቡልዶዘሩ ከመምጣቱ በፊት ማለፊያው ተዘጋጅቷል።

ይህን ስንል ከወዲያኛው በኩል ያለውን ደም አላየንም ማለት አይደለም። ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ራሞት መገናኛ አውቶቡስ የሚጠብቁ 6 ሰዎች ተገደሉ፤ ሐማስ አወደሰ። መስከረም 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ሐማስ በአንድ ቀን 1,200 ያህል ሰው የገደለበት ጥቃት ምንም ሰበብ የማይቀበል ጭካኔ ነው። ከዚያ ወዲህ በጋዛ የሞተው ደግሞ የዚያው የጤና ሚኒስቴር እንዳለው እስከ መስከረም 2018 ዓ.ም. ድረስ ከ64 ሺሕ አልፎ ነበር።

ሆኖም ሐማስ አለና ሠፈራው ይገባል የሚለውን ሙግት አንቀበልም። ለምን ቢሉ ስሞትሪች ራሳቸው መልሰውታል። እ.ኤ.አ. በ2015 በቴሌቪዥን ቀርበው የፍልስጤም አስተዳደር ሸክም ነው፣ ሐማስ ግን ሀብት ነው ብለዋል። ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ ከሐማስ ጋር ማንም ተደራደሩ አይልም፣ ካልተደራደሩ ደግሞ መሬት መካፈል የለም። ሐማስም በበኩሉ ይህን ሒሳብ ጥንት ያውቀዋል። ጽንፈኛው እስራኤላዊ ሠፋሪ ባሩክ ጎልድስቴይን እ.ኤ.አ. በ1994 በኬብሮን መስጊድ 29 ሰጋጆችን ረሸነ፤ በ1995 እስራኤላዊው ይጋል አሚር ከፍልስጤማውያን ጋር የተደራደሩትን ጠቅላይ ሚኒስትር ይስሐቅ ራቢንን ገደለ፤ በ1996 መጀመሪያ የሐማስ አጥፍቶ ጠፊዎች የኢየሩሳሌምና የቴል አቪቭን ጎዳና በደም ነከሩት፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ኔታንያሁ በጠባብ ልዩነት ተመረጡ። እነዚህ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ከበው አልመከሩም። ግን መሬቱ እንዳይከፈል አንዱ ሲጎትት ሌላው ሲገፋ ይኸው 30 ዓመት ሞላቸው።

በመስከረም 2ቱ ጉባኤ ሀገራችን ድምፀ ተዓቅቦ ካደረጉት 12 ሀገሮች መካከል ነበረች። መንግሥት የራሱ ምክንያት እንደሚኖረው እንረዳለን። እ.ኤ.አ. በ1973 ከእስራኤል ጋር ተቋርጦ በ1989 የተመለሰው ግንኙነት በቀላሉ የሚጫወቱበት አይደለም፤ እዚያ የሚኖሩት ወገኖቻችንም ብዙ ናቸው። ይሁን እንጂ ድምፀ ተዓቅቦ በተደጋገመ ቁጥር ልማድ ይሆናል። የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ የሆነች ሀገር ቢያንስ ኢ ዋንን በስሙ ጠርታ ትክክል አይደለም ብትል ወዳጅነት አይፈርስም፤ ተከታታይ የአሜሪካ መንግሥታት ወዳጅነታቸውን ሳያፈርሱ ሲሉት ኖረዋልና። በኢየሩሳሌም ቁልፍ የያዘ ሰው ፍርድ ቤት ከፈረደለት ሰው እንደሚበልጥ ደግሞ ከግብፅ ኮፕቶች ጋር የምንከራከርበትን የዴር ሡልጣን ገዳም ታሪክ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ መንገር አያስፈልግም።

ብሪታንያና አራት ሀገሮች በሰኔ 2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በስሞትሪችና በቤን ግቪር ላይ የጉዞና የንብረት ማዕቀብ ጥለዋል። አሜሪካ ግን በሠፋሪዎች ላይ የነበረውን ማዕቀብ ዶናልድ ትራምፕ በተመለሱበት ዕለት አንስታለች። የተጣለውም ቢሆን ቡልዶዘር ቪዛ ስለማይጠይቅ ኮረብታውን አያድነውም። የሚያድነው ለሠፈራው ብድር የሚሰጠውን ባንክና ጨረታውን የሚወስደውን ተቋራጭ ኪሱ ላይ መንካት ነው፤ በጉባኤው እጃቸውን ካወጡት 142 ሀገሮች ስንቶቹ ለዚህ እንደሚደፍሩ እናያለን።

ለጥምቀት ወደ ዮርዳኖስ የሚወርዱ ምእመኖቻችን አውቶቡስ የሚያልፈው ወደ ኢያሪኮ በሚወርደው በዚያው መንገድ ነው። የደጉ ሳምራዊ ማደሪያ ነው እየተባለ የሚጎበኘው ሥፍራም እዚያው ዳር ላይ ይገኛል። በመጪው ጥር ሲያልፉ በመስኮት አሻግረው የጎማው ትምህርት ቤት ቆሞ እንደሆነ አይተው እንዲነግሩን ከወዲሁ እንለምናለን።