ሻይ ማመላለስ የሒሳብ ልምምድ አይደለም

ከዚህ ከአል ተዓውን ወደ አገር ቤት ከምንልከው ድርሃም ቀላል የማይባለው ለትምህርት ነው የሚሄደው። አንዷ ወንድሟን፣ አንዷ ታናሽ እህቷን፣ ሌላዋ ልጇን በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ታስተምራለች። ክፍያው እንዳይዘገይ እንጨነቃለን። ልጆቹ ለሥራ ልምምድ ሲወጡ ምን እየሠሩ እንደሚውሉ ግን አንጠይቅም። መጠየቅ አለብን።

የአንዷ አባላችን እህት አካውንቲንግ ትማራለች። ለልምምድ፣ ተማሪዎቹ «አፓረንት» ለሚሉት፣ አንድ መሥሪያ ቤት ተመደበች። ሁለት ወር ሙሉ ፎቶ ኮፒ አነሳች፣ ፋይል ከቢሮ ቢሮ አመላለሰች፣ ሻይ አቀረበች። የሒሳብ መዝገብ አንድ ቀን እንኳ አልከፈተችም። ሲያልቅ ወረቀቷ ላይ «በጣም ጥሩ» ተብሎ ማህተም ተመታላት።

እኛ በመጥረጊያና በድስት እንጀራ የምንበላ ሰዎች ሻይ ማቅረብን አንንቅም። ሥራ ነው፣ ያውም የሚያደክም። ግን ለሒሳብ ትምህርት ተከፍሎ ሻይ ማመላለስ ከተገኘ የባከነው የልጅቷ ጊዜም የእኛም ላብ ነው።

ነገሩ የማኩረፍ ጉዳይ አይደለም። የአገራችን የሙያ ሥልጠና የሚባለው 70 በመቶ በተግባር፣ 30 በመቶ በክፍል ነው። ከዚያ የብቃት ምዘናው፣ ሲኦሲ ይመጣል። ሲኦሲን እኛም እናውቀዋለን፤ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ከእኛም ጠይቆታል። መዛኙ «ሠርተሽ አሳዪኝ» ይላል። ሻይ ስታመላልስ የከረመች ልጅ ምን ልታሳይ ነው?

መሥሪያ ቤቶቹም ምክንያት አላቸው። ብዙ ተማሪ በአንድ ጊዜ ይላክባቸዋል። የገንዘብ ሰነድ ለእንግዳ ልጅ ማስያዝም ያስፈራል። ይገባናል። ቢሆንም የተዘጋ የአምና ሰነድ ሰጥቶ «እስቲ ይህን መዝግቢ» ማለት፣ ወይም ሒሳብ ሠራተኛዋ አጠገብ ማስቀመጥ ብር አያስወጣም። መንግሥት ይህን ልምምድ «የትብብር ሥልጠና» ይለዋል። የሰፈራችን ስምም በዐረብኛ ትብብር ማለት ነው። አንዱ ብቻ የሚያገለግልበት ነገር ትብብር አይባልም።

ለአንድ ሥራ ተብሎ ሄዶ ሌላ ሥራ ማግኘትን ከእኛ በላይ የሚያውቀው የለም። «ልጅ መያዝ ብቻ» ተብላ መጥታ ባለ ሦስት ፎቅ ቪላ የምታጸዳ አለች። የዚህ አገር የቤት ሠራተኞች ሕግ ግን ሠራተኛዋ ከአገሯ ሳትወጣ የሥራውን ዓይነትና ደመወዙን ማወቅ አለባት ይላል። ልጆቻችንም ልምምድ ከመውጣታቸው በፊት ምን እንደሚሠሩ ማወቅ ይገባቸዋል።

ስለዚህ በሚቀጥለው የዕረፍት ቀን በቦቲም ስትደውዪ «ብሩ ደረሰሽ?» ብለሽ ብቻ አትዝጊ። እነዚህን ጠይቂ፦ ልምምዱ የት ነው? የሚያሠራሽ የሙያው ሰው ማነው? ምን ምን እንደምትሠሪ በጽሑፍ ተሰጥቶሻል? ከኮሌጁ መምህር መጥቶ ያይሻል? በየቀኑ የሠራሽውን ትጽፊያለሽ?

መልሱ ካላማረ ልጅቷ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ለኮሌጁ ታመልክት። ሁለት ወር ካለፈ በኋላ የሚቀራት ማህተሙ ብቻ ነው። አቤት ማለት ከፈራች ወላጅ ወይም ዘመድ አብሯት ይሂድ። ከፋይ ነንና የመጠየቅ መብት አለን። ገና ልታስመዘግቢ ያሰብሽ ደግሞ፣ ኮሌጁ ተማሪዎቹን ለልምምድ የት እንደሚልክ ሳታውቂ የመጀመሪያውን ክፍያ አትላኪ።